የምንቸገረኝ አሟሟት

ሰውየው እናቱ ያወጣችለት ደህና ስም ነበረው፤ ከሚስቱና ከሐኪሙ ካርድ በቀር ግን የሚጠራበት አልነበረም። መንገድ ላይ ሕፃን ሽማግሌው የሚለው «ምንቸገረኝ» ነው። ምንቸገረኝ በቴሌቪዥን ድራማ የሚጫወተው የአንድ የኪራይ ፎቅ ዘበኛ ስም ነው። ዘበኛው ቧንቧ ፈነዳ ቢሉት፣ ሌባ ገባ ቢሉት፣ ቤት ተቃጠለ ቢሉት መልሱ አንድ ነው። ሁለቱን ቅንድቦቹን ቀስ አድርጎ ወደ ግንባሩ ይሰቅላል፤ ጉንጮቹን ይነፋል፤ ከዚያ አየሩን በትንሽ በትንሹ ያወጣዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ቃል ሳይናገር የሚያየው ቤተሰብ ሁሉ በሳቅ በየሶፋው ላይ ይንከባለላል።

ይህን ፊት የተማረው አባቱ ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። አባቱ ምላጭና ዝምታ የሚወዱ ቁጡ ሰው ነበሩ። ልጅየው ከደንበኛው ጀርባ ቆሞ የወደቀ ፀጉር እየጠረገ በመስታወቱ ውስጥ የሰዉን ፊት ይቀዳ ነበር። አንድ ቀን አንድ ኮስታራ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ጢሙን ሲላጭ ቀና ብሎ የገዛ ፊቱን በልጁ አንገት ላይ አየው። ሳቁ ሲፈነዳ ምላጩ ጆሮው ላይ አረፈ። አባትየው ልጃቸውን በቀበቶ ገረፉት። ጸሐፊው ግን በሳምንቱ ጆሮው ላይ ፕላስተር እንደለጠፈ ተመልሶ መጣና «ያ ልጅ የለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ነገሩ ለልጁ ያን ጊዜ ገባው። ሰው ደሙ ፈሶ እንኳ ተመልሶ የሚመጣበት ነገር ቢኖር ሳቅ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው የማንኛውም ተዋናይ ታሪክ ነው፤ ብዙ ደጅ ጥናት፣ ጥቂት ሥራ። በመጀመሪያ ፊልሙ ድርሻው ለመሪው ተዋናይ አንድ ብርጭቆ ውሃ አቅርቦ መሄድ ብቻ ነበር። አቀረበ። ከመሄዱ በፊት ግን ብርጭቆውን በብርሃን አሻግሮ አየና፣ ያየው ነገር ደስ እንዳላለው ሰው ፊቱን ትንሽ አጨማዶ ወጣ። መሪው ተዋናይ የአባቱን ሞት ሊያረዳ የተዘጋጀበትን ንግግር ረስቶ ብርጭቆው ላይ አፍጥጦ ቀረ። የፊልሙ አዘጋጅ ተናዶ አባረረው፤ ሲኒማ ቤቱ ግን በሳቅ የተናጋው እዚያች ቦታ ላይ ነበር። ያው ያባረረው ሰው ራሱ ፈልጎ ጠራው። አስተናጋጅ ሆነ፣ ሾፌር ሆነ፣ የሙሽራ አጎት ሆነ፣ ሌባ ሆነ፣ ሌባ አሳዳጅም ሆነ። መሪ ተዋናይ ያደረገው ሰው ግን አልነበረም። እሱም አልቆጨውም፤ መሪው ልጅቷን ይወስዳል፣ እኔ ሳቁን እወስዳለሁ ይል ነበር።

የዚህ ሥራ አንድ ጉድ አለ፤ ቴሌቪዥን የሚያየው ሰው አያውቀውም። ቀረጻ ላይ መሳቅ ክልክል ነው፤ ሳቅ ድምፁን ያበላሸዋል። ስለዚህ የኮሜዲ ተዋናይ ዕድሜውን ሙሉ የሚያስቀው አፋቸውን ያፈኑ ሰዎችን ነው። ምንቸገረኝ ሥራው መያዙን የሚያውቀው የካሜራማኑ ትከሻ ሲንቀጠቀጥና የመብራት ሠራተኛው የሹራቡን እጅጌ ሲነክስ ነው። እነዚያን ሁለት ሰዎች አስተያየት ጠይቋቸው አያውቅም፤ እጅጌውን ያያል፣ ይበቃዋል።

ድራማው አሥር ዓመት ካለፈው በኋላ አንድ ጧት ጥርሱን ሲቦርሽ ውሃው በግራ አፉ በኩል ፈሰሰ። መስታወት ሲያይ ግራ ፊቱ ተኝቷል። ሐኪሙ የፊት ነርቭ ነው አለው፤ ለብዙው ሰው በወራት ይመለሳል፣ ለአንዳንዱ ግን አይመለስም። ምንቸገረኝ ከአንዳንዱ ሆነ። የግራ ቅንድቡ አይነሳም፣ የግራ ጉንጩ አየር አይዝም፣ የግራ ዐይኑ ደግሞ አልከደንም አለ። ማታ ማታ ሚስቱ ዐይኑን በፕላስተር እየለጠፈች ታስተኛዋለች።

ሕመሙን ቻለው። ያልቻለው ከንፈር መጠጣውን ነው። ድሮ ገና ከሩቅ ሲያዩት ሚዛኑን ትተው የሚስቁት ባለሱቅ አሁን «አይዞህ ወንድሜ» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡለት። ሕፃናት እናታቸው ቀሚስ ሥር ገቡ። የሚያውቁትም የማያውቁትም ስለ ቅባትና ስለ መታሻ ምክር ይለግሱት ጀመር። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ የዘመኑ ምሳር ምክር ነው።

ሚስቱ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ነገር ማድበስበስ አይሆንላትም። ስለ ባለሱቁ ሲነግራት ለምን መልሳቸውን አልሰጠሃቸውም አለችው። እኔም መልሼ ከንፈሬን ልመጥጥላቸው ሞክሬ ነበር፣ ግን አየሩ በግራ በኩል አመለጠኝ አላትና እንዴት እንዳመለጠው አሳያት። ሚስቱ የምታርመውን የተማሪ ወረቀት ፊቷ ላይ ከድና እስክታነባ ሳቀች። ከታመመ ጀምሮ በዚህ ፊት የሳቀ ሰው ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። እሱም ነገሩን በልቡ ያዘው፤ ለብቻው መስታወት ፊት መቆምም ያን ሰሞን ጀመረ።

የድራማው ዳይሬክተር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብርቱካን ይዞ መጣ። ብርቱካን ይዞ የሚመጣ አለቃ ደህና ወሬ ይዞ አይመጣም። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ መንገዱ መጨናነቅ አወራ፤ ቀጥሎ ፊት ለአንድ ተዋናይ ምን ማለት እንደሆነ ለባለፊቱ ያስረዳው ጀመር። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸው ነው። በመጨረሻ ተነፈሰው። ዘበኛው በክብር ይሞታል። ልቡ ድንገት ደክሞ በገዛ አልጋው ላይ ይተኛል፤ የፎቁ ተከራዮች ዙሪያውን ቆመው ያለቅሳሉ። የአንድ ቀን ቀረጻ ነው። ካሜራው ከቀኝ በኩል ያነሳዋል፤ ግራው ትራሱ ውስጥ ይገባል፤ ማንም ምንም አያይም።

ምንቸገረኝ ሰማውና አንድ ጥያቄ ጠየቀው።

«ዘበኛ ፊቱን አይታመምም?»

«ጋሼ፣» አለ ዳይሬክተሩ፣ «እውነቱን ልንገርህ። ሰው ያዝንልሃል። ያዘነ ሰው ደግሞ አይስቅም።»

ይህ ነገር ከሕመሙም ከስንብቱም በላይ አንጀቱን አቃጠለው። እውነት ቢሆንስ? እውነት ከሆነ የሚሞተው ዘበኛው ብቻ አይደለም። ቢሆንም እሺ አለ። ዳይሬክተሩ ቀሎት እጁን ሁለት ጊዜ ጨብጦት ሄደ።

በሩ ከመዘጋቱ ሚስቱ ተነሳችበት። «በቁምህ ሊቀብርህ የመጣን ሰው መልካም መንገድ ብለህ ትሸኛለህ?» አለችው።

«ሙትልኝ ነው ያለኝ» አላት። «እንዴት እንደምሞት ግን አልነገረኝም።»

ዳይሬክተሩ አንድ የታወቀ ሕግ ነበረው። የለቅሶ ትዕይንት አያለማምድም፣ አይደግምምም። ሁለተኛ ጊዜ የሚመጣ እንባ ከጠብታ መድኃኒት የሚመጣ ነው ይላል። ስለዚህ ሦስት ካሜራ ደቅኖ አንዴ ይቀርጻል፤ እንባው ከመጣ ሰማይ ቢደፋ አያቆምም። ብዙ ሰው በዚህ ሕግ ያማዋል። ምንቸገረኝ ግን ያን ሰሞን ሕጉን እጅግ ወደደው።

የቀረጻው ቀን ሚስቱ ፈቃድ ጠይቃ አብራው ሄደች። ስትሞት ግን አላይም ብላ ኮሪደሩ ላይ ካለ ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ቀረች።

የዘበኛው ክፍል ሦስት የኮምፔንሳቶ ግድግዳ፣ አንድ የብረት አልጋና ሰማይ የተቀባበት መስኮት ነው። አልጋው በሁለቱም በኩል ሰው እንዲቆም ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ተደርጓል። ሜካፕ የምትሠራው ልጅ ቀኝ ፊቱን ብቻ ዱቄት ቀብታ ግራውን ሳታይ ሄደች። ግማሾቹ ተከራዮች በካሜራው በኩል፣ ግማሾቹ በግድግዳው በኩል ቆሙ። የድራማ ሚስቱ የሆነችው ተዋናይት ከጧት ጀምሮ የእውነት እያለቀሰች ነበር፤ ስንት ዓመት በመጥረጊያ ያባረረችው ባል ነው። ምንቸገረኝ ግራ ጉንጩን ትራሱ ውስጥ ቀብሮ ተኛ። ፈራ። ይህን ያህል ዘመን ሲሠራ እንደዚያን ቀን ፈርቶ አያውቅም። ካልሳቁ ዳይሬክተሩ ትክክል ነው፤ ነገ ጧት የሚነሳበት ምክንያት የለውም።

ቀረጻ ተባለ። ዘበኛው ተከራዮቹን አንድ በአንድ ተሰናበተ፣ ቀኝ ዐይኑን ከደነ፣ ሞተ። የድራማ ሚስቱ ደረቱ ላይ ተደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እንባው እንደ ልብ መጣ፤ ዳይሬክተሩ በደስታ እጁን አፋተገ።

የሞተ ሰው አንገት ደግሞ አይጸናም። የዘበኛው ራስ ቀስ ብሎ ትራሱ ላይ ተንከባለለና ግራ ፊቱ ወደ ካሜራው ዞረ። ግራ ዐይኑ ፈጥጦ ያያል።

ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ግማሽ ድረስ ተነሳ። እንባው ግን እየወረደ ነው፤ ሕግ ሕግ ነው፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ሚስቲቱ ጽሑፉ ላይ እንዳለው የባሏን ዐይን ልትከድን እጇን ዘረጋች። ከደነችው። ዐይኑ ተከፈተ። እንደገና ከደነችውና በአውራ ጣቷ ትንሽ ያዝ አደረገችው። ስትለቀው ተከፈተ። ይህ ትወና አልነበረም፤ የእውነት ሚስቱ ማታ ማታ በፕላስተር ታግላ የምትዘጋው ዐይን ነው።

በግድግዳው በኩል የቆሙት ተከራዮች የሚያዩት ደግሞ ሌላ ነው። ወደ እነሱ የዞረው ቀኝ ፊቱ ነው። ሟቹ ቀኝ ቅንድቡን በዝግታ ወደ ግንባሩ ሰቀለላቸው። ቀኝ ጉንጩን ነፋላቸው። በዚህ በኩል ያሉት ደረታቸውን ይመታሉ፤ በዚያ በኩል ያሉት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ትከሻቸው ይርገፈገፋል። ሚስቲቱ ቀና ብላ «ሰው ሞቶ ምን ሆናችኋል?» አለቻቸው፤ ይህ ጽሑፉ ላይ የለም። ለሦስተኛ ጊዜ ዐይኑን ልትከድን ስታጎነብስ የተነፋው ጉንጭ አየሩን በሰነፈው የግራ አፉ በኩል «ፉ» አድርጎ ፊቷ ላይ ለቀቀው።

ጥርስ ባዳ ነው። ሴትየዋ እንባዋ ሳይደርቅ በሳቅ አልጋው ላይ ተዘረረች። የመብራት ሠራተኛው እጅጌውን መንከስ ረሳ። ካሜራማኑ ካሜራውን ለቆ ሆዱን ያዘ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ለዓመታት ያፈነውን ሳቅ አንድ ላይ ለቀቀው።

ዳይሬክተሩ አቁሙ አለ። ከዚያ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ይደገም አለ። ሁሉም ፊቱን ጠርጎ ቦታ ቦታውን ያዘ። ሚስቲቱ እጇን ወደ ዐይኑ ስትዘረጋ፣ ገና ሳትነካው፣ ሳቋ አመለጣት። አሁንም ይደገም ተባለ። በዚህኛው ደግሞ በግድግዳው በኩል ያሉት ከቀረጻው በፊት ጀመሩት።

«ጋሼ፣ ስሞትልህ፣ በወጉ ሙትልኝ» አለ ዳይሬክተሩ።

«እኔማ ሞቻለሁ» አለ ሟቹ ከትራሱ ላይ። «የሚቀብር ጠፋ እንጂ።»

ዳይሬክተሩ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ቁጣ አልነበረም። ጽሑፉን ፊቱ ላይ ለጥፎ ወንበሩ ላይ ተደፋ። ሲችል ቀና ብሎ፣ ዐይኑን በእጁ እያበሰ፣ በቃ ተሸነፍኩ አለ፤ ዘበኛው አይሞትም፣ በዚሁ ፊቱ በሩ ላይ ይቆማል። ይህን ሲሰሙ ሳቁ ከጭብጨባ ጋር ከበፊቱ ባሰ።

የቀረጻው አዳራሽ በር በኃይል ተበርግዶ ተከፈተ። ሚስቱ ናት። ኮሪደሩ ላይ ሆና ሁካታውን ሰምታ፣ በባሏ የታመመ ፊት የሚያላግጡ መስሏት፣ ቦርሳዋን እንደ ዱላ ጨብጣ ገባች። ዐይኖቿ ቀልተዋል።

«በማን ነው የምትስቁት?» አለች።

አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ጸጥ የሚያሰኝ ድምፅ ነው። ካሜራማኑ ቆቡን አወለቀ።

ባሏ አልጋው ላይ ተነስቶ ተቀመጠ። ዱቄት የተቀባው ግማሽ ፊቱ እየሳቀ፣ ያልተቀባው ግማሽ ፈጥጦ ያያታል።

«በእኔ ነው» አላት፤ እንዲህ ኮርቶ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። «ተያቸው፤ ገና መጀመራቸው ነው።»