በሪባን የተመረቀው ገጽ

ጌታሁን የምዝገባውን ድረ ገጽ የሠራው ጠረጴዛውን በሚያህል ስክሪን ላይ ነው። የተመረቀውም በዚያው ስክሪን ላይ ነበር፤ ሪባን ተቆረጠ፣ ኬክ ተበላ፣ አለቆች አጨበጨቡ። ድረ ገጽ በሪባን! ጉድ እኮ ነው! ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ያሉ ሰዎች ቤት ለማግኘት የሚመዘገቡበት ገጽ መሆኑን ያስታወሰ አልነበረም። እነሱ ያላቸው መስታወቱ የተሰነጠቀ ትንሽ ስልክ ነው። በስልክ ሲከፈት ጽሑፉ በነጭ ላይ ግራጫ ሆኖ አይነበብም፤ መመዝገቢያው ቁልፍ ደግሞ ከስክሪኑ ውጭ ይቀራል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

ምዝገባው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ጠዋት አንድም ሰው እንዳልተመዘገበ ሲታወቅ ይመኙሻል ተጠራች። የዚያው ቢሮ ባለሙያ ናት፤ ጌታሁንን ከመናቅ የበለጠ የሚጣፍጣት ሥራ የለም።

«ስፋቱን በአንድ ልክ ቸነከርከው?» አለችው።

«በእኔ ስክሪን ቆንጆ ነው። ደግሞም ተመርቋል።»

«ታዲያ ያንተን ስክሪን ተሸክመን መጠለያውን እንዙር? ኤዲያ!»

ገጹ በየስልኩ ልክ እንዲጠብና እንዲሰፋ አደረገች። ጽሑፉን አጠቆረች፣ ቁልፉን ለአውራ ጣት አመቻቸች። «ሠራሁ ይላል ደግሞ!» እያለች ስታንጓጥጥ ዋለች። በስልኳ ሞከረችው፤ ሠራ።

አሥር ሰዓት ላይ በየሳምንቱ ለበጎ ሥራ ወደምትመላለስበት መጠለያ ሄደችና በኩራት መሪጌታ ወልደተንሣኤ ዘንድ ደረሰች። መሪጌታ ዓይነ ስውር ናቸው፤ ስልካቸው የተጻፈውን ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ባለፈው ዙር ምዝገባ ሌላ ሰው ቢሞላላቸው በማያውቁት ቤተሰብ ሥር ጥገኛ ተብለው ተመዘገቡና ቤቱ አመለጣቸው። ዘንድሮ በገዛ እጄ ካልሆነ ብለው ምለዋል።

«ገጹን አስተካክዬዋለሁ፣ ይሞክሩት» አለቻቸው። ከፈቱት። መሙያው ጋ ሲደርሱ ስልኩ «ሥዕል» አለ። ዝቅ አሉ። «ሥዕል።» እንደገና ዝቅ አሉ። «ሥዕል።»

«ልጄ፣ ይኸው ብቻ ነው የሚለው?»

ይመኙሻል ክው አለች። ጌታሁን ፊደሉ እንዲያምርለት ስም፣ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ብዛት የሚሉትን ሁሉ ሥዕል አድርጓቸው ነበር። እሷም ገጹን ስታስተካክል አይታቸዋለች፤ በስልኩ ልክ አሳንሳ ትታቸዋለች።

«ጌታሁን የሚባል ደንቆሮ ነው የሠራው፣ መሪጌታ!» አለች። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ዘረጋችና ሥዕሎቹን እያወጣች በምትካቸው ቃላቱን ጻፈች። እጇ ሲሠራ አፏ ጌታሁንን መስደብ አላቆመም። ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ ሲሆን ስልኩ «ስም» አለ። መሪጌታ ቀስ ብለው፣ ማንንም ሳይጠይቁ ሞሉ። «ተመዝግበዋል» አለ ስልኩ።

ይመኙሻል ምስጋና ጠበቀች።

«ያ ጌታሁን የምትይው አያውቀኝም» አሉ መሪጌታ፣ ስልካቸውን ኪሳቸው እየከተቱ። «አንቺ ግን በየሳምንቱ እየመጣሽ ታዪኝ ነበር።»