ጭልፋህን አድርቅ

ዌንደል ግራ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ባዶውን ጭልፋ የቀለጠ እርሳስ ተፈስሶበት የጥይት አረር ወደሚወጣበት ቅርጽ አፍ አስጠጋ። ልክ ያገኘው መስሎት ነበር። መዳፉን ሲያነሳ ግን ጭልፋው ከቀዳዳው ሁለት ጣት ያህል ወዲህ ቀርቷል። እንደገና ሞከረ፤ አሁን ደግሞ አልፎታል። ታላቅ ወንድሙ ሃርላን ዓለምን በአንድ ዓይን ካየ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ዌንደል ይህን ያውቃል፤ በገዛ እጁ የሞከረው ግን ዛሬ ነው።

ስለዚህ ሃርላን እርሳስ የሚያቀልጥበትን ጠረጴዛ እንደ ማንም ጠረጴዛ አልሠራውም። ከማቅለጫው ድስት አጠገብ ሁለት ጠባብ ብረቶች ጎን ለጎን አሰረ፤ ቅርጹ በመካከላቸው ተንሸራቶ በልኩ ይቆማል። በላዩ ጭልፋው የሚያርፍበት ሹካ መሳይ ድጋፍ ተከለ። ጭልፋውን አሳርፎ ማዘንበል ብቻ ነው፤ ርቀት መገመት የለም። ገጹን በላሜራ ለበጠው፤ የፈሰሰ እርሳስ እግር ላይ እንዳይወርድም ዙሪያውን ጠርዝ አበጀለት። እግሮቹን ከሃርላን ጋራዥ ግድግዳ ጋር በወፋፍራም ብሎን አሰራቸው። በአናጢነት ዘመኑ ለማንም እንዲህ ተጠንቅቆ ሠርቶ አያውቅም።

ሃርላን በተደፋ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ከፔርሙስ ቡና እየጠጣ ያየዋል።

«ለዶሪን የኩሽናዋን መደርደሪያ እንዲህ አድርገህ ብትሠራላት ኖሮ ጥላህ ባልሄደች።»

«መደርደሪያውንማ ይዛው ነው የሄደችው።»

ሃርላን ሳቀ። ጡረታ የወጣው በዚህ ጸደይ ነው፤ ዕድሜውን የጨረሰው ባቡር ሲጠግን ነው። የአባታቸውን አሮጌ ጠመንጃ ከቁም ሣጥን አውርዶ ወልውሎታል፤ የእሱ ጥይት ግን ሱቅ ውስጥ መገኘት ካቆመ ቆይቷል፤ አረሩን ራሱ ማውጣት አለበት። የአጋዘን አደን ሊከፈት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሃርላን ዓይኑን ካጣ ወዲህ እርሳስ ያልነካባቸውን እነዚያን ሁሉ ዓመታት ዛሬ ሊጨርሳቸው ነው።

ከሣጥኑ ኋላ አንድ የጥድ ጣውላ አወጣ። በጋለ ብረት ፊደል በፊደል ተተኩሶበታል፦ «ጭልፋህን አድርቅ»።

«ይቺን ከድስቱ በላይ ምታልኝ» አለ። «ለሁለተኛ ጊዜ የማዋጣው ዓይን የለኝም።»

ዌንደል ጣውላውን ተቀብሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ሚስማር አጣሁ አለ። ሚስማሩ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ያን ቀን፣ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ በአባታቸው ጎተራ ውስጥ እርሳስ እያቀለጡ ነበር። ኅዳር ነው፤ በረዶው ጉልበት ደርሷል፤ አደኑ ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ድስቱ ጎደለ። ሃርላን ጭልፋውን ለማንሳት ዞር ሲል የሃያ ሁለት ዓመቱ ዌንደል ቶሎ እንጨርስ ብሎ፣ ውጭ ከቆመው ባልዲ አንድ እፍኝ አሮጌ የመኪና ጎማ ማመዛዘኛ እርሳስ ዘግኖ ድስቱ ውስጥ ጨመረ። በእርሳሶቹ ስንጥቅ ውስጥ በረዶ ነበር፤ የቀለጠ እርሳስ ውስጥ የገባ ውሃ ደግሞ ባንዴ ተንኖ ያፈነዳል። እሱ ለሌላ እፍኝ ወደ በሩ ሲመለስ ሃርላን ጭልፋውን ነከረ፤ ድስቱ ፈንድቶ ግራ ዓይኑን ያጠፋው በዚያችው ቅጽበት ነው። ሐኪሙም አባታቸውም ራሱ ሃርላንም ጭልፋው እርጥብ ነበር አሉ። ዌንደል ነገ እናገራለሁ አለ። ነገ ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱ ዓመት። ኋላማ ሃርላን ነገሩን ቀልድ አደረገው። በየዓመቱ የምስጋና ቀን ማዕድ ላይ «በእርጥብ ጭልፋ እርሳስ የሚጨልፍ ጅል አይታችሁ የማታውቁ እኔን እዩ» ይላል፤ ቤቱ በሳቅ ያውካካል። ዌንደልም አብሮ ይስቃል። ከሁሉም የሚያሳፍረው ያ ሳቁ ነው።

ከጋራዡ በር ላይ የሃርላን ሚስት ማርሊስ «እህ፣ እህ» ብላ ሳለች። ሃርላን ሰው በማያይበት በግራው በኩል ሲመጣበት ይደነግጣል፤ ሚስቱ እንኳ አስቀድማ ስላ ነው የምትገባው። በዚያ በኩል በዝምታ የሚቆም ዌንደል ብቻ ነው። «ግራዬን ዌንደል ይጠብቅልኛል» ይላል ሃርላን ለሰው ሁሉ።

ማርሊስ የአጋዘን ቋሊማ በዳቦ አስቀምጣ ስትወጣ ዌንደልን በሩ ላይ ያዘችው።

«ከቢሊንግስ ድረስ ከምታደክመው ሌላ አናጢ ጥራ ብለው እንቢ አለኝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዌንደል አጠገቤ ካልቆመ እሳቱን አልለኩስም አለ። ፈርቷል እኮ።»

ከምሳ በኋላ ሃርላን የቆዳ ሽርጡንና መነጽሩን አድርጎ ጋዙን ለኮሰ። ጋራዡ ውስጥ የነበረው እርሳስ ቀስ በቀስ ሟሟ፤ ገጹ እንደ መስታወት አበራ። ሃርላን ጭልፋውን በእሳቱ ላይ ሦስት ጊዜ አገላበጠ። ዌንደል በግራው ቆሟል። ጭልፋው ድጋፉ ላይ አረፈ፣ አዘነበለ፣ እርሳሱም አንዲት ጠብታ ሳይስት ቀዳዳው ውስጥ ገባ። ቅርጹ ሲከፈት የምታብለጨልጭ አረር ፎጣው ላይ ወደቀች።

«ትንሹ» አለ ሃርላን ወደ ወንድሙ ዞሮ። «አባባ ቢያያት።»

አሥራ ሁለት አወጡ። ከዚያ ድስቱ ጎደለ። ሃርላን ወጣ ብሎ ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር የነበረውን የእርሳስ ባልዲ አመጣ።

«ያ ባልዲ ውጭ ነው ያደረው» አለ ዌንደል።

«እና?»

«ዘንቧል እኮ።»

«እርሳስ ውሃ አይጠጣም። አባባም ባልዲውን ውጭ ነበር የሚያስቀምጠው፤ ረሳኸው? ያኔ ምን ሆነ?» ጭልፋውን ከፍ አድርጎ አሳየው። «እኔን ጉድ የሠራኝ ይሄ ነው።»

ዌንደል ባልዲውን መውሰድ ይችል ነበር። ልለቅመው፣ ሌላ ብረት ተቀላቅሎበታል ቢል ያምነዋል፤ የዛሬው ቀንም በሰላም ያልፋል። ነገ ግን እሱ ተመልሶ ቢሊንግስ ነው። ዛሬ ፍርሃቱ የለቀቀው ሃርላን ብቻውን እዚህ ቆሞ ጣውላውን ያነባል፣ ጭልፋውን ሦስት ጊዜ ያደርቃል፣ ከዚያ እጁን ባልዲው ውስጥ ይከታል። የቀረችውም ዓይን በዌንደል ዝምታ ትሄዳለች።

ሃርላን አንድ እርሳስ አንስቶ ወደ ድስቱ ሲዘረጋ ዌንደል አንጓውን ያዘው።

«ጭልፋህ ደረቅ ነበር።»

«ምን?»

«ያኔ። ዞር ስትል ከባልዲው ዘግኜ የጨመርኩት እኔ ነኝ። በረዶ ነበረበት። ጭልፋህ ደረቅ ነበር፣ ሃርላን።»

ሃርላን እጁን ቀስ ብሎ አላቀቀ። እርሳሱን ከድስቱ አርቆ አራገፈው፤ ከስንጥቁ አንዲት የውሃ ጠብታ ወርዳ የወለሉ አቧራ ላይ ነጠበች። ጠብታዋን ብዙ አያት።

«ሆስፒታል ስተኛ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ማዕድ ላይ ሲሳቅብኝስ?»

«አውቅ ነበር።»

ዌንደል እንዲመታው ጠበቀ፤ ቢመታው ይመርጥ ነበር። ሃርላን ባልዲውን በእግሩ እየገፋ እስከ በሩ አደረሰው። ተመልሶ ጭልፋውን አነሳ፤ እንደ ልማዱ ወደ እሳቱ ወስዶ መሃል ላይ ቆመ፤ ምን ሊያደርገው እንደነበር የጠፋበት ይመስላል።

«ውጣ ከዚያ» አለ ሳይዞር።

ዌንደል ወደ በሩ ተራመደ።

«ወዴት ነው? ከግራዬ ውጣ ነው ያልኩህ። ዙርና በቀኜ ቁም፤ በማይህ በኩል።»

ዌንደል ተመለሰ። በወንድሙ ጀርባ በኩል ሲያልፍ፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንደ ማርሊስ አስቀድሞ «እህ፣ እህ» ብሎ ሳለ።