ዱኒያ የምትወደው ቀለም

እና ደግሞ ሰማያዊ፣ እህትሽ ሰማያዊ ነው የምትወደው ትላለች ሆዮ፣ ስንት ዓመት ጅቡቲ ተቀምጣ ለዒድ ብቻ የምትደውል ልጅ የምትወደውን ቀለም እናት አትረሳም፣ ኢፍራህ የዱኒያ ክፍል ግድግዳ ፊት ቆማለች፣ ቀለም ቀቢው ኢስማዒል ሁለት ቦታ ሞክሮላታል፣ በግራ ሰማያዊ፣ በቀኝ ቢጫ፣ ቢጫውን ያስመጣችው እሷ ናት፣ ማንም ሳያዛት። ሰማያዊው ያበርዳል፣ እውነት ነው፣ በዚህ ሐሩር ዓይን ያሳርፋል፣ ማማሩ ራሱ ያናድዳል፣ እንደ ዱኒያ። ቢጫው ደግሞ ይጮኻል። ይጩኻ።

ሆዮን ሐኪም ቤት የሚያመላልሳት ማነው፣ ታይዋን ገበያ ሱቅ ከፍታ፣ ለምሳ በባጃጅ በርራ መጥታ፣ አብልታት የምትመለሰው ማነው፣ እኔ፣ እኔ የምተኛበት ክፍል ግድግዳ ከተላላጠ ስንት ጊዜው፣ አንድ ቀን ኢፍራህስ ምን ትወዳለች ያለ አለ? ወላሂ የለም። እንግዳዋ ነገ በባቡር ትመጣለች ሲባል ግን ቤቱ ይገለበጣል።

ሆዮ በሩን እየዳሰሰች ትገባለች፣ ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ጥላ እንጂ ቀለም አትለይም፣ የቱ ነው ሰማያዊው ልጄ፣ አሳዪኝ፣ ኢፍራህ እጇን ይዛ ቢጫው ፊት ታቆማታለች፣ ይሄ ነው ሆዮ። ኢስማዒል ቀና ይላል፣ ኧረ እህቴ ሊል ነው፣ በዓይኗ ዝም ታሰኘዋለች። ደረቷ ውስጥ እልልታ የመሰለ ነገር፣ ወዲያው ደግሞ ሬት። ያምራል፣ ትላለች ሆዮ ፈገግ ብላ፣ የማታየውን፣ ዱኒያዬ ደስ ይላታል።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ። ሆዮ፣ ዋሸሁሽ፣ ይሄ ቢጫው ነው።

ሆዮ አትቆጣም፣ ቢጫ ነው እንዴ አንቺ የምትወጂው፣ ለምን አልነገርሽኝም፣ በይ ቢጫ ይቀባ፣ ዱኒያ ትልመደው።

ይኸው ተጠየቀች። ይኸው አሸነፈች። አዎ ልትል አፏን ትከፍታለች፣ ግን ቢጫን መቼ ወደደች፣ ዱኒያ የወባ በሽተኛ ዓይን ይመስላል ብላ ስለምትጠላው እንጂ፣ ቀሚሱም፣ ሻሹም፣ የሱቁ መጋረጃም፣ ሁሉም ዱኒያ የጠላችው፣ የራሷስ፣ የራሷ የቱ ነው፣ አረንጓዴ? ነጭ? እህቴ ቀለሙ ሊደርቅብኝ ነው፣ የቱን ልቀባ፣ ይላል ኢስማዒል፣ ቆይ አቦ፣ ትለዋለች፣ አታጣድፈኝ፣ እያሰብኩ ነው።