የሰባት ቁጥር ጠመንጃ ቀማሽ

"ሦስት መቶ አሥራ አምስት?"

አዲሳለም የፍጥነት መለኪያውን መታ መታ አደረገችና እንደገና ተኮሰች። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት አለ። የቀለሟ ጥይት በሰከንድ ከሁለት መቶ ሰማንያ ጫማ ማለፍ አልነበረባትም።

እንጦጦ ላይ ባለው፣ ሰዎች ለጨዋታ የቀለም ጥይት በሚተኳኮሱበት የፔይንትቦል ሜዳ ጠመንጃዎቹን የምታስተካክለው እሷ ናት። ጠዋት ጭጋጉ ሜዳውን ውጦት ሳለ ጥይቶቹ ኢላማው ጋ ሳይደርሱ ይወድቁ ነበር። የአሥሩንም ጠመንጃ የግፊት ብሎን ጠበቅ አደረገች። የሰባት ቁጥሩ ምላጭ አልሳብ ብሏት ስለነበር ምላጩን ደግሞ አላላችው። አሁን ጭጋጉ ተገፏል፤ ፀሐይዋ የጠመንጃዎቹን የጋዝ ሲሊንደሮች እያሞቀቻቸው ነው። ጋዝ ሲሞቅ ጉልበት እንደሚያወጣ ታውቃለች። እያወቀች መርሳቷ ነው ያናደዳት።

አሥር የባንክ ሠራተኞች ጭንብል አጥልቀው ይጠብቃሉ። ባለፈው ሳምንት ጥይት የመታው የአንድ ደንበኛ ክንድ አብጦ፣ የሜዳው ባለቤት ጋሽ ሐብታሙ "አንድ ቅሬታ ይደገምና ሌላ ሰው አስገባለሁ" ብለዋታል። ቁጥሩን ያየችው እሷ ብቻ ናት። ዝም ብትልስ?

"ምን ትጠብቂያለሽ? ሰዎቹ እኮ ጭንብል ውስጥ ተቀቀሉ!" አሉ ጋሽ ሐብታሙ እየመጡ።

"ጋሼ፣ ጠመንጃዎቹን አልሰጥም። እ... ማለቴ፣ ጠዋት በብርዱ አጥብቄያቸው ነበር። እንዲህ ከወጡ ሰው ይጎዳሉ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ጋሽ ሐብታሙ መለኪያውን አዩ፣ እሷን አዩ።

"ስንት ደቂቃ?"

"ሃያ።"

"በቃ፣ እኔ በወሬ እይዛቸዋለሁ።"

አንድ በአንድ አላላቻቸው፤ ትተኩሳለች፣ ታነባለች፣ እንደገና ታላላለች። ሰባት ቁጥሩን አንስታ ጠረጴዛው ላይ ስታሳርፈው ምላጩን ማንም ሳይነካው ተኮሰና ግድግዳውን ሮዝ አደረገው። ይሄ በሰው እጅ ቢሆን ኖሮ! ምላጩን ጣት እስኪሰማው ድረስ አከበደችው። ሁለቴ ጠረጴዛውን መታችበት፤ ዝም አለ። ፍጥነቱም ሁለት መቶ ሰባ ሆነ።

"እርግጠኛ ነሽ?" አሉ ጋሽ ሐብታሙ ተመልሰው።

ቁስቋም ሠፈር ጠላ የምትሸጠው እናቷ ቦሰና ትዝ አለቻት። ቦሰና ለሰው ከመስጠቷ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ቀጂው ያልቀመሰውን ማን ይጠጣል?

አዲሳለም ሰባት ቁጥሩን ለጋሽ ሐብታሙ ሰጥታ ጭንብል አጠለቀች። አሥራ አምስት እርምጃ ርቃም ጀርባዋን ሰጠች።

"ጭኔ ላይ ይተኩሱ።"

"አብደሻል እንዴ?"

"ከደንበኛ በፊት እኔ ልቅመሰው።"

ጷ አለ። እንደ ሳማ ለበለባት። ዞራ ሱሪዋ ላይ የፈነዳውን ቀለም ስታይ ሳቋ አመለጣት።

"ይሄማ ቁንጥጫ ነው!"

የባንክ ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። እሷም ጭኗን እያሸች ጠመንጃዎቹን አደለቻቸው።

ጨዋታው ሲያልቅ በጭቃና በቀለም ተለውሰው እየተሳሳቁ ወጡ። ክንዱን ገልጦ ያማረረ አልነበረም።

"ነገም ጭጋግ አይቀርም" አሉ ጋሽ ሐብታሙ። "ፀሐይ ስትወጣ እንደገና ትለኪያለሽ።"

"እለካለሁ።"

አዲሳለም ከመደርደሪያው ትልቁን ቱታ አወረደች፤ ጋሽ ሐብታሙ ትከሻ ላይ አድርጋ ልኩን አየችና ሚስማር ላይ ለብቻው ሰቀለችው።

"የነገው ቀማሽ ግን እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።"