ጀርባ የሰጡት ሰው

«ናንግ፣ ብስኩቱን ልሸፍነው እንዴ? ዝንብ ብቻ ነው እኮ የሚበላው» አለች ጎረቤቷ ሮሲንግ፣ እንደ ታላቅ እህት እየጠራቻት።

«ተዪው። ሰው ይመጣል» አለች ኢሉሚናዳ።

ሰው ግን አልመጣም። ባሏ ፌርሚን እንደ አገሩ ልማድ ቤት ውስጥ በሬሳ ሳጥን ከተኛ ሰነበተ፤ ነገ ይቀበራል። በዚህ በኔግሮስ ደሴት ዳርቻ የስኳር ፋብሪካ ሠራተኛን የሚሸከሙት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው። ቤተ ዘመድ አይሸከምም፤ ሞት ይከተለዋል ይባላል። ማልቀሱስ ለብቻም ይቻላል፣ ተሸካሚ ከየት ይምጣ? ለቅሶ ቤት ለሚያመሹ ካርታ ተጫዋቾች የተዘረጋው ጠረጴዛ እንኳ ባዶውን ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። ያኔ፣ ወደቡ ስኳር በሚጭኑ መርከቦች በሚጨናነቅበት ዘመን፣ ሠራተኛው አድማ መትቶ ፋብሪካው በር ላይ ተቀመጠ። በዚያው ሰሞን ልጃቸው በሳንባ ምች ወደቀች። የፋብሪካው ክሊኒክ ደግሞ ያደመ ሰው ልጅ አይቀበልም። ፌርሚን ባርኔጣውን ደፍቶ ሥራ ገባ። ጓደኞቹ ተነሥተው ጀርባቸውን ሰጡት፤ ሁለተኛ ፊቱን ላያዩም ማሉ። ልጅቷም አልተረፈች፤ ቀብሯ ላይ የቆሙት እናትና አባቷ ብቻ ነበሩ። ፋብሪካው ተዘግቶ የወደቡ ብረት ከዛገ በኋላ እንኳ ፌርሚን ዓሣ የሚያጠምደው ለብቻው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ኮቴ ተሰማ። ያን አድማ የመሩት ሽማግሌው ኤውሄንዮ ናቸው። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ገቡና አንዱን ወንበር ወደ ሳጥኑ አስጠግተው፣ ጀርባቸውን ለሬሳው ሰጥተው ተቀመጡ።

«ኖንግ፣ የመጡት ለዚህ ነው?» አለች ኢሉሚናዳ፣ እንደ ታላቅ ወንድም ብትጠራቸውም ንዴቷን መዋጥ አቅቷት።

«ፊቱን ላላይ ምያለሁ። ቤቱ አልቀመጥም ብዬ ግን አልማልኩም።»

«ግትር እንደሆኑ አረጁ።»

«አንቺም የዝንጅብል ሻይሽ እንደቀጠነ ነው» አሉ፣ የቀዳችላቸውን ፉት ብለው። ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ነገ ማን ይሸከመዋል?»

«ማንም።»

«ከፊት የሚይዝ ሰው ጀርባው ለሬሳው ነው። ከፊት እኔ አለሁ። የኋላዎቹም ቢሆኑ የተዘጋውን ክዳን እንጂ ፊቱን አያዩም። ከፊት ካልያዝን ብለው መጨቃጨቃቸው አይቀርም፤ ቢሆንም የድሮ ጓደኞቹን አመጣልሻለሁ።»

ኢሉሚናዳ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

ሽማግሌው አልዞሩም። ቀኝ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደዱ፤ አየሩን ዳበሱ፣ የሻማውን ማስቀመጫ ነኩ፣ ከዚያ የሟቹን ፊት የሚያሳየውን የሳጥኑን መስታወት አገኙ። መዳፋቸውን እላዩ ላይ አሳረፉ፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አላነሡትም።