የራስገዙ ለቅሶ

ቧንቧው ሳል ሳል አለና አየር ተፋ፤ ከዚያ ጸጥ። ባሏን የቀበረችው ሴትዮ እጇ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ፣ ያልታጠበ የሻይ ብርጭቆ ከፊቷ እንደተቆለለ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ሳሎኑ በለቀስተኛ ጢም ብሏል። ከቀብሩ ወዲህ ቤቱ ከሰው ተለይቶ አያውቅም፤ ያ ሁሉ ሰው ይታጠባል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ስልኩን ይሰካል።

ዋርሳዋ፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ የባሏ ወንድም፣ ጓሮ ካለው የባትሪ ክፍል ገብቶ ትንሽ ቆየና ላቡን እየጠረገ ወጣ። ባትሪዎቹ ሳያልቁ እንዳልቀሩ፣ ፓምፑም የቆመው ለዚያ ሳይሆን እንደማይቀር ነገራት። ቀይ መብራት ከማየት በቀር የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ አላወቀም። አንቺስ አታውቂም ወይ ሲል ጠየቃት። አታውቅም።

ከሳሎን ሹክሹክታው ይደርሳታል። አንዷ፣ እንደ ሰው የመብራት መስመሩን ባያስቆርጥ ምን ነበረበት ትላለች። ሌላዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መለሰችላት፦ «ራሱን ያበራ እንጂ ራሱን የቀበረ ሰው አላየንም።»

ሟቹን ሰፈሩ ራስገዝ ይለው ነበር። ለቀልድ የወጣለት ስም ነው፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው። መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ሶላር ደረደረ። ቀጥሎ የዝናቡን ውሃ መሬት ውስጥ በቀበረው ታንከር ማጠራቀም ያዘ፤ ከላሞቹ እበት ደግሞ የማብሰያ ጋዝ አወጣ። በመጨረሻ ቆጣሪውን አስነቀለና፣ «ከእንግዲህ የማንም እጅ አያበራልኝም፣ የማንም እጅ አያጠፋብኝም» አለ።

እሷም ኮርታ ነበር። ሰፈሩ ጨልሞ የራሷ መስኮት ብቻ ሲያበራ ደስ የማይላት ማን ናት? አሳየኝ፣ አስተምረኝ ስትለው ግን፣ እኔ እያለሁ አንቺን ምን አሳሰበሽ እያለ የባትሪውን ክፍል በር ይዘጋዋል። ፍቅር ይመስላት ነበር። አሁን አረፋው እጇ ላይ ሲደርቅ ተናደደችበት። እሱ ከሰው ሁሉ ነጻ ሲወጣ፣ እሷን በአንድ ሰው ላይ፣ በራሱ ላይ፣ አንጠልጥሏት ሄደ።

የጎረቤታቸው የልብስ ሰፊዋ ነገርም ከሆዷ አልወጣም። አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ሰነበተ። ሰፊዋ የሙሽራ ልብስ ደርሶባት፣ የስፌት መኪናዋን የምታንቀሳቅስበት አንድ ገመድ በአጥር እንዲያቀብላት ለመነችው። ዛሬ አንድ ገመድ፣ ነገ ሰፈሩ ሁሉ ብሎ መለሳት። ሚስቱ መጋረጃው ጀርባ ቆማ ሰምታለች፤ ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ሲተላለፉ መሬት መሬቱን ያያሉ።

አሁን በጓሮ በር ብቅ ያለችው ያቺው ሰፊ ነበረች። ረጅም የውሃ ጎማ ከራሷ ቧንቧ ላይ ሰክታ፣ በአጥሩ አሳልፋ እየጎተተች መጣች። ጫፉን ባልዲው ውስጥ ከተተችው። ውሃው መንዶልዶል ጀመረ።

«በምን ዓይኔ ልይሽ?» አለች ሐዘንተኛዋ።

«ተልኬ ነው፣ እትዬ።»

«ማን ላከሽ?»

«ጋሼ።»

ሰፊዋ ቀስ ብላ ነገረቻት። ጋሼ ከመሞታቸው በፊት አንድ ጠዋት አጥሩ ጋ ጠሯት። አጥሩን ስላለፈው የዛፏ ቅርንጫፍ ሊቆጧት መስሏት ነበር። እሳቸው ግን አጥሩን ተደግፈው፣ ሐኪሙ ልባቸው ብዙ እንደማያቆያቸው እንደነገራቸው፣ ይህንንም ለማንም እንዳታወራ ነገሯት።

«ከዚያ፣ ‹ድንገት ከሄድኩ እሷ የፓምፑን ነገር አትችለውም፤ ውሃ እንዳታጣብኝ› አሉኝ።»

«በዚያን ጊዜ ስላደረገብሽስ? ይቅርታ ጠየቀሽ?»

ሰፊዋ አመነታች። ደግ ውሸት አፏ ላይ ደርሶ የመለሰችው ትመስል ነበር።

«አልጠየቁኝም።»

ሐዘንተኛዋ የተደፋ ሳጥን ላይ ቁጭ አለች። ፊት የነሳትን ሴት ለመነ። አብራው ያረጀችውን ግን፣ ፈርቻለሁ፣ እጄን ያዢኝ ለማለት አፈረ። ስንት ጠዋት አጠገቧ ተቀምጦ ሻዩን ሲያማስል ይህን ውጦ ኖሯል? ልትረግመው ፈለገች፤ ልታቅፈው ፈለገች። ሁለቱም ደረቷ ላይ ተጋፉና አንዱም ሳይወጣ ቀረ።

ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ። ሰፊዋ ቧንቧዋን ልትዘጋ ወደ ቤቷ ሮጠች። ሐዘንተኛዋ ብድግ ብላ ጎማውን አወጣችና፣ ውሃው እንዳይባክን አፉን በአውራ ጣቷ ደፈነችው። ውሃው ጣቷን እየገፋ በጎን ፊን አለና ጥቁር ልብሷን አራሰው። ከዚያ ግፊቱ ላላ፣ ላላ፣ ጨርሶም ቆመ። ከአጥሩ ማዶ ሰፊዋ እንደዘጋችው ነገረቻት።

ሰምታለች። ሊያስይዛት ያፈረውን እጅ የያዘች ይመስል፣ አውራ ጣቷን ግን አላነሳችም።