ነጭ ክር በሰማያዊ ጉርድ

ቶይባ ምስር እየለቀመች ነበር። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ጠጠሩን በጣቷ ጫፍ እያወጣች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ታነበንባለች። የሱብሒ ሶላት ተሰግዶ ቆይቷል። ባሏ ሸፊ ሰግዶ ሲያበቃ ተመልሶ ጋደም ብሏል። ከውጭ የሰኔ ጉም ከእንጦጦ ወርዶ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል።

«የተከበራችሁ ፈታኞች» አለች ለምስሩ፣ ዝግ ብላ። «ናሙናው የተወሰደው ከቁስቋም በታች ካሉ ምንጮች ነው። በበጋም...» ጠጠር አገኘች። «በበጋም በክረምትም ተወስዷል።»

«ደግሞ ያንን ውሃ ጀመርሽው?» አለ ሸፊ ከአልጋው ላይ። «እኔ እንኳ በቃሌ ይዤዋለሁ። ያመመሽ ቀን እኔ ሄጄ እፈተንልሻለሁ።»

«ጢምህን ተላጭና ሂዳ።»

ቶይባ ቀን ቀን ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ማታ ማታና ቅዳሜ ደግሞ ራሷ ተማሪ ናት። ዩኒቨርሲቲው ሥራ ላላቸው ሰዎች በጀመረው የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ውስጥ ከገባች ዓመታት አልፈዋል። የክፍሉ ሰዎች ሁሉ እንደሷ ከሥራ ወጥተው፣ የቀኑን ድካም ተሸክመው የሚመጡ ናቸው። የመንገድ ሥራ መሐንዲሱ ጋሽ ዋቅቶላ፣ በዕድሜ የሁሉም ታላቅ፣ አስተማሪው ጀርባውን ሲሰጥ ያንቀላፋሉ፤ ሲዞር ግን እጃቸውን አውጥተው ይጠይቃሉ። በዚያ መንገድ ስንቱ መጥቶ ስንቱ ቀረ። ቶይባ አልቀረችም። የታናሽ ወንድሟ ኒካህ ቀን እንኳ ከሠርጉ ቤት ተነሥታ ትምህርቷን ተከታትላ ተመልሳለች፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያወራዋል፣ ግማሹ በአድናቆት፣ ግማሹ በሐሜት።

አሁን የቀራት የቃል ፈተናው ብቻ ነው። እሱም በመጪው ሳምንት ነው። ለፈተናው የሚሆን ሰማያዊ ጉርድ አሰፍታለች፤ ጠርዙ እስኪዘመዘም ድረስ አጥር የምትጋራት ወይዘሮ ገበያነሽ ዘንድ ነው። ገበያነሽ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከዚያም በላይ የቶይባ የምንጭ ጓደኛ ናት። «ጫካ ለብቻሽ አትገቢም» ብላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጠርሙስ የሚሞላበትን እሑድ ሁሉ አብራት ወጥታለች። አንድ ልጇ ቦጋለ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ግን ከቤቷ እምብዛም አትርቅም። የልጇ ወሬ የመጣ እንደሆነ ሰው በር ላይ እንዳያጣት ነው።

ምስሩ ሊያልቅ ሲል ከውጭ የጫማ ድምፅ ተሰማ። ጭቃውን እየፈሩ በዝግታ የሚራመዱ የብዙ እግሮች ድምፅ ነው። በቶይባ በር አልፈው ቆሙ። የጎረቤት በር ተንኳኳ።

ከዚያ ገበያነሽ ጮኸች።

ቶይባ ሰፌዱን እንዴት እንዳስቀመጠችው አታውቅም። ሸፊ ከአልጋው ዘሎ፣ አንድ እግሩን ሱሪው ውስጥ እየከተተ፣ «ቦጋለ! ያ ረቢ፣ ቦጋለ!» አለና ከግድግዳው ላይ ቁልፍ አውርዶ ሮጠ። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ያዥ እሱ ነው፤ ኡኡታ ሲሰማ እግሩ ሳይጠይቀው ወደ ድንኳኑ ይወስደዋል።

ቶይባ ግቢው ውስጥ ስትደርስ ገበያነሽ መሬት ላይ ወድቃ ደረቷን ትመታለች። ሁለት ሴቶች ክንዶቿን ይዘዋል። በሩ ላይ ሦስት ወንዶች ቆመዋል፤ ከፊት ያሉት ሽማግሌ በኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

ሽማግሌው ጋሽ ዋቅቶላ ናቸው። ከኋላቸው ያሉት ባጫና ግዛቸው ናቸው። ሦስቱም አብረዋት የሚማሩ ናቸው።

«ቶይባ!» አለ ባጫ፣ ፊቱ በደስታ በርቶ። «ተገኘሽ! ፈተናሽ ዛሬ ሆኗል እኮ! ሦስት ሰዓት ላይ!»

ክንድ የያዙት ሴቶች ዘወር ብለው አዩት።

«የምን ፈተና ነው በሰው ሬሳ ላይ?» አለች አንዷ። «ኧረ የዘመኑ ሰው!»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከውጭ አገር የመጣው ፈታኝ ጉዞው ድንገት ወደ ዛሬ ከሰዓት ዞሮበታል። ከጠዋት ካልፈተናት ሌላ ፈታኝ መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም፤ ቶይባ ደግሞ ከክረምት በኋላ ወደ ክፍለ ሀገር እንድትዛወር ተወስኗል። መልእክቱ ለባጫ የደረሰው ሲመሽ ነው፤ ሰዓት እላፊው እስኪያበቃ ሌሊቱን ሲቁነጠነጥ አድሮ በማለዳ ተነሣ። ግን ባለትዳር ሴት ቤት በጎህ ብቻውን ማንኳኳት ነውር መሰለው። ስለዚህ ለወጉ ጋሽ ዋቅቶላን ይዞ መጣ። ግዛቸውን ደግሞ ቤቱን አውቃለሁ ስላለ አስከተለ። ግዛቸው ያወቀው የጎረቤቱን በር ነበር። ቮልስ መኪናቸውን ለጭቃው ፈርተው አስፋልት ዳር ትተው፣ በጉም ውስጥ ቀስ እያሉ፣ ሽማግሌ አስቀድመው መጡ።

መርዶ የሚነገረው በጎህ ነው። የሚያረዱት ሰዎች ተሰብስበው፣ ሽማግሌ አስቀድመው፣ በዝግታ ነው የሚመጡት። ይህንን በዚያ መንደር የማያውቅ የለም፤ ሦስቱም ያውቁታል፤ ግን ሰው ራሱን ከውጭ ሆኖ አያይም። በሩ ሲከፈት ጋሽ ዋቅቶላ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሴትዮዋ ስትንቀጠቀጥ አይተው፣ ከቅንነት የተነሣ፣ «እናቴ፣ እስቲ መጀመሪያ ይቀመጡ» አሉ። ከዚያ በኋላ የሚባል ነገር አልነበረም።

ቶይባ ተንበረከከች። «እትዬ ገበያነሽ፣ ስለ ቦጋለ አይደለም። የኔ ሰዎች ናቸው። አብረውኝ የሚማሩ ናቸው። ቤት ተሳስተው ነው።»

«ታሟል ልትይኝ ነው» አለች ገበያነሽ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ቀጥለሽ ቆስሏል ትይኛለሽ። ሲመሽ ደግሞ እውነቱን። እኔ ስንቱን አርድቻለሁ ቶይባ? ይሄን ውሸት ለሰው የምዋሸው እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ወላሂ...»

«አንቺማ ለኔ ብለሽ ትምያለሽ። ፈጣሪሽም ይቅር ይልሻል።» ድንገት ቀና ብላ ጋሽ ዋቅቶላን አየች። «እርስዎ ይማሉልኝ! ትልቅ ሰው ነዎት፤ ልጄን አያውቁትም። ይማሉልኝ!»

ጋሽ ዋቅቶላ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ባርኔጣቸውን አሽከረከሩ።

«እናቴ» አሉ፣ «እውነቱን ነው የነገረችዎት። መማል ግን... በእምነቴ መማል አልተፈቀደልኝም።»

ግቢው በዋይታ ተናጠ። «መማል እንቢ አሉ!» የሚለው ቃል ከአፍ ወደ አፍ በአጥሩ ዘሎ ወጣ። ባጫ ጭንቅላቱን ያዘ።

«ጋሼ፣ ለዛሬ ብቻ ቢምሉ ምናለ?»

«ባጫ፣ ዝም በል።»

በዚያው ቅጽበት ከመንገዱ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ሸፊና አራት ጎረምሶች የተጠቀለለውን ድንኳን በትከሻቸው፣ ምሰሶውን በብብታቸው ይዘው ገቡ።

«ሸፊ፣ መልሰው!» አለች ቶይባ።

«የት ልመልሰው? ጥሩምባው ተነፍቷል እኮ!»

«ማንም አልሞተም!»

ሸፊ ድንኳኑን ከትከሻው ወደ መሬት ለቀቀው፤ አፉን ከፍቶ ሚስቱን፣ ከዚያ ገበያነሽን አየ። ገበያነሽ የምታየው ድንኳኑን ብቻ ነበር። ድንኳን መጥቶ ማን ምን ቢላት ይገባታል?

ባጫ ወደ ቶይባ ጎንበስ ብሎ ሰዓቱን በዝምታ አሳያት። ከጭቃው አስፋልት፣ ከአስፋልት ዩኒቨርሲቲው፤ አሁን ከተነሡ ይደረሳል። ቶይባ የገበያነሽን እጅ ይዛለች። ጣቶቿ ቀዝቅዘዋል። እነዚህ ጣቶች ስንቱን ጠርሙስ ከምንጩ ቀድተው አቀበሏት። ይህችን ሴት እንዲህ ጥላት ብትሄድ፣ ሰፈሩ የሚለውን ይበል፣ ራሷ ለራሷ ምን ትላለች?

«ሂዱ» አለችው ባጫን። «አልቻለችም በሏቸው።»

ገበያነሽ ጩኸቷን አቆመች። «ምን አልሻቸው?»

«አልሄድም። ካንቺ ጋር እቀመጣለሁ።»

«አያችሁ!» ገበያነሽ እጇን ነጥቃ ሁለቱን መዳፎቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «አያችሁ! ይቺ ለወንድሟ ሠርግ እንኳ ብላ ከትምህርቷ ያልቀረች ሴት፣ ዛሬ ቀረች! ለምን ትቀራለች? ልጄ ባይሞት ኖሮ ለምን ትቀራለች?»

ቶይባ ገባት። ለካስ መቀመጧ ነው መርዶው። ሌላው ሁሉ፣ መሐላውም ምክሩም፣ ሴትዮዋ የምታውቀው የማስተዛዘኛ ወግ ነው። ከሐዘን ቤት ተነሥቶ ለፈተና የሚሄድ ሰው ግን የለም። ሄዶ ቢያዩት ሐዘኑ የለም ማለት ነው።

ጉልበቷን አራግፋ ቆመች።

«እትዬ ገበያነሽ፣ ጉርዴ የታለ? ልሄድ ነው፤ ሰዓት አለቀብኝ።»

ገበያነሽ በእንባ ውስጥ ሆና ሽቅብ አየቻት።

«አልተዘመዘመም» አለች።

«ግድ የለም።»

«በስፒል ነው የተያዘው።»

«በስፒል እሄዳለሁ።»

«አብደሻል? ፈረንጅ ፊት በስፒል?» ገበያነሽ ክንዷን ከያዟት ሴቶች አላቀቀች። «ልቀቁኝ እስቲ! አንቺ፣ ከስፌት መኪናው ላይ ያንን ሰማያዊ ጉርድ አምጪልኝ። መርፌም። በመርፌው ያለው ክር ይበቃል፤ አሁን ማን ቀለም ይመርጣል?»

ጉርዱ መጣ። የምትቀመጥበት ስታጣ በተጠቀለለው ድንኳን ላይ ተቀመጠችና መስፋት ጀመረች። ክሩ ነጭ ነበር። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ስፌቱ ሰፋፊና ጠማማ ሆነ፤ ሁለት ጊዜ ጣቷን ወጋች። ለማልቀስ የመጣው ሰው ሁሉ ክብ ሠርቶ ቆሞ መርፌዋን ያያል። ጋሽ ዋቅቶላ ባርኔጣቸውን መልሰው ማድረጉ ይገባ አይገባ እንደሆነ አላወቁም። ጠርዙን ዞራ ስትጨርስ እጇ ከመጀመሪያው ረጋ ብሎ ነበር።

«ልበሺና ሂጂ» አለቻት። «በሩ ላይ ሆኜ አይሻለሁ። ወላውለሽ ዞር ያልሽ እንደሆነ ግን...»

ጉርዱን አቀበለቻት።

ቶይባ በጠባቡ መንገድ ከሦስቱ ወንዶች ጋር ወረደች። የገበያነሽን ዓይን ትከሻዋ ላይ እንደ ሸክም ተሰማት። አንገቷ ሊዞርባት ታገላት፤ እሷ ግን የጋሽ ዋቅቶላን ጫማ፣ ጭቃውን፣ ቀጥሎ የምትረግጠውን ድንጋይ ብቻ እያየች እስከ መታጠፊያው ደረሰች። መኪናው ውስጥ ከገባች በኋላ ነው ያለቀሰችው። ባጫ ሞተሩን እያስነሣ፣ «ጋሼ፣ ሁለተኛ ከእርስዎ ጋር ሰው ቤት አልሄድም» አለ። ጋሽ ዋቅቶላ አልሳቁም፤ ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ወደ ኋላ አቀበሏት።

በፈተናው ክፍል ውስጥ ነጩ ስፌት ከሩቅ ይታይ ነበር። ቶይባ ስለ ምንጮቹ ሲጠይቋት ለምስሩ እንደተናገረችው ተናገረች። አንድ ጥያቄ አላወቀችውም፤ አላውቀውም አለች። ወደ ውጭ አስወጥተዋት፣ መልሰው ጠርተዋት፣ ጥቂት ገጽ አስተካክላ እንድታስረክብ፣ በቀረው ግን ማለፏን ነገሯት። ፈታኙ እጇን ጨብጦ ወደ ጉዞው ተጣደፈ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሰፈር ስትመለስ ጉሙ ተገፎ ነበር። ሸፊ በገበያነሽ በር ላይ በተጠቀለለው ድንኳን ተደግፎ ተቀምጧል።

«አለፍሽ?»

«አለፍኩ።»

«አልሀምዱሊላህ!» ፊቱን በሁለት እጁ አበሰ። «ምስርሽን ሴቶቹ ቀቅለው ለለቀስተኛው አበሉት። የሞተ የለም ብለን ብንምልም ርቦናል አሉ።»

«ድንኳኑስ?»

«ገበያነሽ ነች አትውሰዱት ያለችኝ፤ ቶይባ እስክትመለስ ይቆይ አለች። እኔ ምኑ ይገባኛል?»

ገበያነሽ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል። ቶይባን ከራስ ፀጉሯ እስከ ጉርዱ ጠርዝ ድረስ አየቻት፤ ጠርዙ ላይ ስትደርስ ፊቷን አጨማደደች።

«እንዲህ ሆነሽ ነው ፊታቸው የቆምሽው? አውልቂው።»

ቶይባ አውልቃ ነጠላ አገለደመች። ገበያነሽ ነጩን ክር በመቀስ ጫፍ እየሳበች አወጣችና ከመሳቢያው ሰማያዊ ክር መርጣ ወደ ብርሃኑ አስጠግታ መርፌው ውስጥ አሳለፈች። ስትሰፋ ቶይባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ስትሄጂ አልቅሰሽ ነበር?» አለች ገበያነሽ ከስፌቱ ቀና ሳትል።

«መኪናው ውስጥ።»

«አውቄያለሁ። ጀርባሽ ግን አላለቀሰም። እሱን አይቼ ነው ገብቼ ውሃ የጠጣሁት።» ጥቂት ሰፋች። «የዛሬዎቹ ሰዎች ያንቺ ነበሩ።»

ቶይባ «ያንቺዎቹ አይመጡም» ብትላት ውሸት ሊሆን ይችል ነበር። ስለዚህ የጉርዱን ሌላውን ጫፍ እንዳይጎተት ያዘችላት። ከውጭ ሸፊ ጎረምሶቹን ይጠራል፤ ድንኳኑን አንሥተው ሲሄዱ እግራቸው በጭቃው ላይ ተሰማ። ገበያነሽ ድምፁ እስኪርቅ ድረስ መርፌዋን አቁማ አዳመጠች።

ከዚያ የመጨረሻውን ጥልፍ ጣለች፤ ቋጠረች፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ጉርዱን አራግፋ፣ ጠርዙን በመዳፏ ዳብሳ፣ አራት አጥፋ ቶይባ ጭን ላይ አስቀመጠችው። መርፌውን መጋረጃው ላይ ሰካችና የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፈነች።